አንድ ቀን ክኒን፣ አንድ ቀን ዘይት

አባቴ አሜሪካን ረግጠው አያውቁም፤ የሚያስተዳድሯት ግን እሳቸው ናቸው። ዙፋናቸው ስቶክሆልም ዳርቻ፣ ሄሰልቢ በተባለ ሰፈር ውስጥ፣ አረንጓዴው የምድር ባቡር መስመር ከሚያልቅበት ጣቢያ እልፍ ብሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቡናማ ሶፋ ነው። ከዚያ ሆነው ሴናተር ይሾማሉ፣ ዳኛ ይሽራሉ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ የትኛው ወረዳ ወደ ማን እንደሚያዘነብል ከነምክንያቱ ያስረዳሉ። የሚኖሩባትን ከተማ ማን እንደሚያስተዳድር ስጠይቃቸው ግን «እዚህ ደግሞ ምን አስተዳዳሪ ያስፈልጋል? በረዶውን እንደሆነ ማሽን ይጠርገዋል» ይሉኛል።

እኔ የምኖረው በከተማዋ ሌላኛው ጫፍ፣ ሁዲንጌ ነው። ፍሌሚንግስቤሪ ባለው ትልቅ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አስቤዛ ይዤ፣ ከአንዱ ባቡር ወርጄ በሌላው ተሳፍሬ፣ እስከ መጨረሻው ጣቢያ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ራሴን የምመክርበት ጊዜ አለኝ። ዛሬ ስለ አሜሪካ አንድ ቃል አልተነፍስም፣ እሺ ብዬ ሰምቼ እመጣለሁ እላለሁ። ጫማዬን አውልቄ ሳልጨርስ ክርክር ውስጥ ነኝ።

ይህን ሁሉ ሥልጣን ለአባቴ የሰጣቸው አንድ ሰውዬ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ምድር ቤት ተቀምጦ በዩቲዩብ በአማርኛ ያሰራጫል። ከረባት ያስራል። ከኋላው ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ የተደረደረበት መደርደሪያ ይታያል፤ ማሞቂያው ሲበራ ግን መደርደሪያው ከነመጻሕፍቱ ይወዛወዛል። መጋረጃ ላይ የታተመ ሥዕል ነው። ይህን ለአባቴ ባሳያቸው «አንቺ ደግሞ መጋረጃ ታያለሽ፣ ነገሩን አትሰሚም» አሉኝ።

የሰውዬው ሥራ የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ማታ የተጯጯሁበትን ጠዋት በአማርኛ ማቅረብ ነው፤ ቅመሙን ራሱ ይጨምርበታል። በእሱ አሜሪካ ውስጥ ዋናው ጠላት የተማረ ሰው ነው። ኢኮኖሚ ያጠና ኑሮ አስወደደ፣ ሕግ ያጠና ፍርድ ሸጠ፣ የአየር ጠባይ ያጠና ዝናብ አስቀረ። አንድ ተወዳዳሪ በምርጫ ቅስቀሳ ላይ «እኔ መጽሐፍ አላነብም፣ የሚመራኝ ሆዴ ነው» ብሎ ሕዝቡ ሲያጨበጭብለት ሰውዬው ያን ቅጂ ደጋግሞ አሳየ፤ አባቴም ደጋግመው አዩት። ከሁሉም የከፋው ግን ሐኪም ነው። ሐኪም ለኩባንያ ያደረ ነው። እንዲህ ግማሽ ሰዓት ሲያወግዝ ይቆይና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከጠረጴዛው ሥር ካለው መሳቢያ ጠርሙስ ያወጣል። ኩባንያዎቹ እንዳታውቁት የደበቁት ምስጢር ይለዋል። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ነው። ጥቁር አዝሙድን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ ይመስል!

አባቴ ሞኝ እንዳልሆኑ ግን አስቀድሜ ልናገር። በደርግ ጊዜ ሬዲዮው በሰላም ይኖራሉ ያላቸው ሰዎች ሲቀበሩ አይተዋል። ያን ጊዜ ሬዲዮን አለማመን ነፍስ ያድን ነበር። በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ የደረሱትም፣ እኔ ዛሬ የምጽፈውም፣ አንድ ማለዳ ሬዲዮው «አትስጉ» ሲል ስለሰጉ ነው። ሬዲዮን ላለማመን ያን ያህል ዋጋ የከፈለ ሰው በስተርጅና ምን ሆነ? ሬዲዮን አትመኑ የሚል ሌላ ሬዲዮ አገኘና እሱን አመነ።

ስቶክሆልም ሲገቡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆኑ። ጡረታ እስኪወጡ ጎህ ሳይቀድ ነው ከቤት የሚወጡት። ሕክምና ስማር፣ ከሥራ ተመልሰው የደንብ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡና የአጥንት ስም ያስጠኑኛል። ላቲኑን ማንበብ እንዲችሉ በፊደላችን ገልብጬላቸው ነበር። አንዱን ስስት ሲበዛ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት መምህር ጠረጴዛውን ይመታሉ። ሐኪም የሆንኩ ሳምንት አውቶቡሳቸው ላይ የተሳፈረ ሁሉ፣ አማርኛ ይስማ አይስማ፣ ልጃቸው ሐኪም መሆኗን ሳያውቅ አልወረደም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። ያን ጠበል በእጃቸው ቆፍረው ያወጡት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸው ነው የሚያናድደኝ።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ነው። ደረታቸው ውስጥ ወፍ የገባ ይመስል ይርገበገብብኛል አሉ። በሰፈራቸው ጤና ጣቢያ፣ እዚህ ሁላችንም ቮርድሴንትራል በምንለው ቦታ፣ ቀጠሮ አስይዤ አብሬያቸው ገባሁ። ወጣቱ ስዊድናዊ ሐኪም ትሑት ነበር፤ ሁሉን በሥርዓት አስረዳ። የልባቸው ምት ሥርዓት አጥቷል። ልብ እንዲህ ሲሆን ደም ውስጡ ያቁርና ይረጋል፤ የረጋው ተፈናጥሮ አንጎል ላይ ከወደቀ ሽባ ያደርጋል፣ አንደበት ይዘጋል። ደም ማቅጠኛ ክኒን ጠዋትና ማታ ቢወስዱ አደጋው እጅግ ይቀንሳል፤ መድኃኒቱም የራሱ ጣጣ አለው፣ ሊያደማ ይችላል። ይህን ሁሉ ተናግሮ እጁን አጣመረና አባቴን «አንተስ ምን ታስባለህ?» አላቸው።

አባቴ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ። ውጭ ስንወጣ በር ላይ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ልጅ ፈተናውን አልፏል?»

«እንዴት አባዬ?»

«እኔን ጠየቀኝ እኮ! እኔ የማስበው ቢኖረኝ ምን ልሠራ መጣሁ? አገራችን ሐኪም ያዛል፣ በሽተኛ ይውጣል። ይኼኛው ዋጋውን አንተ ጥራ ያለኝ ነው የመሰለኝ፤ መርካቶ የገባሁ መሰለኝ።»

እውነቱን ለመናገር ሥራችን እንዲህ ነው። በሽተኛን ማማከር፣ የማናውቀውን አናውቅም ማለት፣ እርግጠኛ ያልሆንበትን እርግጠኛ አይደለንም ማለት ተምረናል። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ስል ነው የምውለው። ለስዊድናውያን ይህ ክብር ነው። ለአባቴ ግን መሪውን የለቀቀ ሹፌር ነው።

ያም ሆኖ ክኒኑን ጀመሩ። የሳምንቱን ቀኖች በየክፍሉ የያዘች የፕላስቲክ ሳጥን ገዛሁላቸውና ቅዳሜ ቅዳሜ እኔው እሞላት ነበር። ስከፍታት ባዶ ሆና ትጠብቀኛለች፤ ደስ ይለኛል። ገና አልፎ ጥምቀት ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ ስከፍታት ከነነፍሷ ናት። ሁሉም ክኒን እኔ ባስቀመጥኩት ቦታ ተቀምጧል። አጠገቧ አንድ ጠርሙስ ቆሟል፤ ግማሹ ጎድሏል።

«አባዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የአይጥ መርዝ ነው ያበላሽኝ» አሉ፤ አልተቆጡም፣ ያዘኑልኝ ነው የሚመስሉት። «አንቺን አልወቅስም። የተማርሽውን ነው የምትደግሚው። ደም ማቅጠኛ ማለት የአይጥ መርዝ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰውዬው በማስረጃ ነው ያቀረበው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝና ማስረዳት ጀመርኩ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ፣ የድሮው፣ በእርግጥ ለአይጥ ማጥፊያም ይውል እንደነበር፣ የእሳቸው ግን ሌላ ዓይነት እንደሆነ፣ መርዝና መድኃኒትን የሚለየውም መጠኑ እንደሆነ...

«ነበር አልሽ?»

«የድሮው አባዬ፣ የድሮው!»

«አየሽ! እሱ ያለው እውነት ነው። አንቺው መሰከርሽ።»

ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ የበለጠ ሳይንስ ይወጣኛል። ስለ ጥናት፣ ስለ ንጽጽር፣ ስለ አደጋ መጠን አወራሁ። አባቴ ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቁና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እኔ ይኼን ክኒን ካልዋጥኩ እሞታለሁ?»

«እንደዚያ አይባልም። አደጋው ከፍ ይላል ነው የሚባለው። ምናልባት ምንም ላይሆኑ ይችላሉ፤ ምናልባት ደግሞ...»

«ምናልባት!» ሶፋውን መቱ። «ያ የጤና ጣቢያው ልጅ ምናልባት፣ አንቺ ምናልባት። እሱን ስንት ዘመን ሰማሁት፣ አንድ ቀን ምናልባት ሲል አልሰማሁም።»

እውነታቸውን ነው። አንድ ቀን ብሎ አያውቅም።

አባትን መቆጣት የልጅ ወግ አይደለም። አባትን የሚገሥጽ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ የተማርኩትን ሁሉ ትቼ እናቴ በሕይወት ብትኖር የምታደርገውን አደረግሁ፤ ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት መረጥኩ። አንደኛው ከሱዳን ጀምሮ የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ እሑድ እሑድ አብረው ያስቀድሳሉ። ሁለተኛው የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ጴንጤ ናቸው፣ በአሜሪካ ምርጫ ደግሞ የአባቴ ባላንጣ። ያን ሰውዬ «የሰይጣን አፍ» ይሉታል። ሦስተኛዋ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ እሳቸው ሲናገሩ ሬሳም ቢሆን ያዳምጣል እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ከእነዚህ ሦስት ያመለጠ የለም ብዬ ተማመንኩ።

አባቴ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ጣቢያው አጠገብ ያለው ኬክ ቤት አስቀምጬ፣ ቡናና የቀረፋ ዳቦ ጋብዤ፣ ጉዳዩን በዝርዝር አስረዳኋቸው። ናፕኪን ላይ ልብ ሥዬ ደሙ የት እንደሚረጋ አሳየሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። የእድር ሰብሳቢዋ እጄን ይዘው «ገብቶናል የኔ ልጅ። አንቺ ብቻ አትጨነቂ፣ ይኼ የእኛ ሥራ ነው» አሉኝ።

እንደ ወጉ እኔ ወጥ ቤት ገባሁ፣ እነሱ ሳሎን ተቀመጡ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሁሉን እሰማለሁ። ምርቃቱ ተመረቀ። የሱዳኑ ወዳጅ ስለ አባትና ልጅ ፍቅር ጥሩ አድርገው ከፈቱ። ተስፋ አደረግሁ። ከዚያ፣ ሽምግልና ነውና፣ «በል እንግዲህ አንተም የበኩልህን ተናገር» አሏቸው።

አባቴ «እኔ ከምናገር እሱ ይናገር» አሉና ቴሌቪዥኑን ከፈቱ።

ሰውዬው ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ ወሰደ። ያቺ የክኒን ሳጥን እኔን ወክላ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብላ ተቀመጠች። ጠርሙሱ ከመሳቢያው ሲወጣ ወንበሮቹ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲጠጉ ተሰማኝ። መጀመሪያ የተናገሩት ጎረቤትየው ናቸው።

«በፖለቲካው ይስታል እንጂ...» አሉ፣ «ስለ ኩባንያዎቹ የሚለው ግን ሐሰት ነው ለማለት ይከብዳል።»

«እኔን ጉልበቴን ስንት ጊዜ ነው ቀጠሮ የለወጡብኝ?» አሉ የሱዳኑ ወዳጅ። «ቢያውቁበት ይለውጡ ነበር?»

«እኔ ቮርድሴንትራል በደወልኩ ቁጥር፣ ውሃ ጠጪ፣ የራስ ምታት ክኒን ዋጪ፣ ጋደም በይ» አሉ የእድር ሰብሳቢዋ። «ራሴን ያመመኝ መቼ ነው? እግሬን ነው ያልኳቸው!»

ኦርቶዶክስና ጴንጤ፣ ግራና ቀኝ፣ የዛሬ ስንት ዓመት በአንድ ሰርግ ላይ በአሜሪካ ምርጫ ተኳርፈው ሳህን ይዘው የተነሡ ሰዎች፣ አባቴ ሳሎን ውስጥ እርቅ አወረዱ። ያስታረቃቸው ቀጠሮ ያልሰጣቸው ሐኪም ነው። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ የሆስፒታሌን ካርድ በኪሴ ይዤ እሰማለሁ።

ተጠራሁ። ሦስቱም ፊታቸው በርቷል፤ ሥራ የሠራ ሽማግሌ ፊት ነው። የእድር ሰብሳቢዋ ውሳኔውን ተናገሩ።

«ሽምግልና ማለት ልጄ፣ ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ሲለቅ ነው። አንቺም ሐኪም ነሽ፣ ድካምሽ አይናቅም። እሳቸውም አባት ናቸው፣ ቃላቸው አይረገጥም። ስለዚህ አንድ ቀን ክኒን፣ አንድ ቀን ዘይት።»

«እሑድ ሁለቱንም ይተው» አሉ የሱዳኑ ወዳጅ፤ «ሰንበት ነው።»

«አሜን» አሉ ጎረቤትየው።

ደም ሽምግልና አያውቅም ልል አፌን ከፈትኩ። አባቴን አየሁ። በእኔ ላይ ያሸነፉ አይመስሉም፤ የታረቁ ነው የሚመስሉት፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የሽማግሌ ቃል ረግጣ ወጣች መባል ደግሞ ለእኔ ብቻ አይተርፍም፣ እናቴ መቃብር ድረስ ይሄዳል። ተነሥቼ የሦስቱንም ጉልበት ስሜ እሺ አልኩ። ሲወጡ አባቴ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ጠርሙስ ሰጧቸው።

ባቡሩ ውስጥ በንዴት ነደድኩ። ይህን ነገር ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ነው ያየሁት። ምድር እየሞቀች ነው አይደለችም ለሚል ክርክር፣ ዕድሜውን ሙሉ በረዶ ሲለካ የኖረውን አንድ ወንበር ላይ፣ ጠዋት በረዶ ያየውን ሌላ ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ፤ እኩል ደቂቃ ይሰጧቸዋል፤ አቅራቢው ፈገግ ብሎ «ፍርዱን ለተመልካች እንተወው» ይላል። እኔ ሁዲንጌ ሶፋዬ ላይ ሆኜ የእነሱ ሞኝነት ነው ብዬ ስስቅበት ኖሬያለሁ። ለካስ እኛም ዘንድ አለ፣ ከነምርቃቱ።

በዚያው ሳምንት ወደ ክፍላችን አንድ አዛውንት ገባ። ዕድሜው የአባቴ ነው፣ ሕመሙም የአባቴ ነው፤ የረጋው ደም ተፈናጥሮ አንጎሉ ላይ ወድቆበታል። አንድ ቃል ብቻ ቀርቶለታል። ለሁሉም ነገር «ማክሰኞ» ይላል። ውሃ ሲጠማው ማክሰኞ፣ ሲያመው ማክሰኞ። ሚስቱ ስትገባ እጇን ይዞ፣ እያለቀሰ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ አላት። እሷም «አዎ የኔ ውድ፣ ማክሰኞ» አለችው።

ወደ ልብስ መቀየሪያው ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አባቴ ከንግግር በቀር ምን አላቸው? አሜሪካን የሚገዙባት አንደበት አንድ ቃል ብቻ ስትቀርላት ታየኝ። ፈራሁ። በዚህ ሥራ ስኖር ለበሽተኛ አዝኜ አውቃለሁ፣ እንደዚያ ፈርቼ ግን አላውቅም።

ቅዳሜን አልጠበቅሁም። በማግስቱ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ሄሰልቢ ሄድኩ። የዘይት ቀን ነበር። አባቴ «ምነው ደኅና?» ሲሉ አልመለስኩም። የበረንዳውን መጋረጃ ጎትቼ ዘጋሁ። ስልኬን አጥፍቼ ወጥ ቤት ወስጄ አስቀመጥኩ፤ የእሳቸውንም ተቀብዬ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ከዚያ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። እጄን ከጭኔ ሥር አስገባሁ።

«አባዬ፣ ይህን የምነግርዎት ሥራዬን አስይዤ ነው። ማንም እንዳይሰማ።»

ጠጋ አሉ።

«ሴናተሮቹ በሙሉ ይህን ክኒን ይውጣሉ።»

«የትኞቹ?»

«ሁለቱም ወገን። ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ሐኪም አትመኑ የሚሉት ሁሉ፣ ማስታወቂያ ሲገባ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ይውጣሉ። ልባቸው እንደርስዎ ነው የሚመታው። ክኒኑን ለራሳቸው፣ ዘይቱን ለድሃ። ለምን ይመስልዎታል? እነሱ እንዲኖሩ፣ እርስዎ እንዲሞቱ ነው።»

«እሱስ?» አሉ፤ በአገጫቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ።

«ዘይቱን የሚያወጣበትን መሳቢያ አይተው ያውቃሉ? ከዘይቱ አጠገብ ምን ያለ ይመስልዎታል?»

ምንጭ የሌለው ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት ሁሉ ጀርባዬን ሲያሳክከኝ ይሰማኛል። ቢሆንም አፌ አልቆመም፤ ይባስ ብሎ ተመቸኝ። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? ማስረጃ የለ፣ ቁጥር የለ፣ ዝም ብሎ መፍሰስ ነው።

አባቴ ሳጥኗን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ካልዋጥኩት እሞታለሁ?»

«ይሞታሉ።»

«ምናልባት?»

«ምናልባት የለም። ይሞታሉ።»

ሳጥኗን ከፈቱ፣ የዚያን ማታ ክኒን አወጡ፣ ያለ ውሃ ዋጡት። ደስ አለኝ። ያም ሆኖ ያን ምሽት እራት አልበላሁም። ከዚያ በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሳጥኗን ስከፍት ባዶ ናት። የሽማግሌዎቹን ውሳኔ አባቴ ራሳቸው ሻሩት።

ጣጣው የመጣው በስልክ ነው። መጀመሪያ ጎረቤትየው ደወሉ፤ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

«ያቺን የሴናተሮቹን ክኒን... ለእኔም ብታስቢልኝ።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ልብ ጤነኛ ነው። ላላስፈለገው ሰው ይህ መድኃኒት ያደማል፣ ሊገድል ይችላል።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ። «በስልክ አይወራም።»

ቀጥለው የሱዳኑ ወዳጅ ደወሉ፤ ለጉልበት ይሆናል ወይ አሉኝ። አይሆንም ስላቸው በረጅሙ ተነፈሱ። የእድር ሰብሳቢዋ ግን ፊት ለፊት ነው የሚናገሩት፤ እድር ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያለ፣ «ለአባትሽ ሲሆን አለ፣ ለእኛ ሲሆን ያደማል። አንቺም ከነሱ ወገን ሆንሽ!» አሉኝ። ጥናት ልጠቅስላቸው ፈለግሁ። ምናልባት የሚለው ቃል አፌ ላይ ሲደርስ ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። እውነቱን ስነግራቸው ኬክ ቤት ውስጥ ራሳቸውን የነቀነቁት ሰዎች ውሸቴን ግን ደረጃ ለደረጃ፣ ፎቅ ለፎቅ አድርሰውታል። አሁን ሄሰልቢ ውስጥ ክኒን የምደብቀው እኔ ነኝ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ በረንዳው ተከፍቶ ቀዝቃዛ የአመሻሽ ፀሐይ ሲገባ፣ ሳጥኗን እየሞላሁ ሳለ ውሸቴን ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ስለ ሴናተሮቹ የነገርኩዎት ነገር...»

«ውሸት ነው» አሉ። ዓይናቸውን ከሚልጡት ብርቱካን አላነሡም።

ክኒኑ ከእጄ ወደቀ።

«ያውቁ ነበር?»

«ስትዋሺ እጅሽን ከሥርሽ አድርገሽ ትቀመጪበታለሽ። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ነው። የእናትሽን ብርጭቆ የሰበርሽ ቀንም ተቀምጠሽበት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዋጡት?»

ብርቱካኑን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ።

«አንቺ ዋሽተሽ አታውቂም። እሳት ይፈጃል ወይ ብልሽ እንደ እሳቱ ዓይነት ነው የምትዪ ልጅ ነሽ። እኔ ነኝ እንደዚያ ያሳደግሁሽ፤ ጠረጴዛ እየመታሁ። ያ ልጅ ምናልባት ሲል አልፈራሁም፣ አንቺም ምናልባት ስትዪ አልፈራሁም። ያን ቀን ግን መጋረጃ ዘግተሽ፣ እጅሽ ላይ ተቀምጠሽ፣ ስለ ሴናተር ስትቀባጥሪልኝ... ልጄ እኔን ለማትረፍ እዚህ ድረስ ከወረደች በሽታው የምር ነው አልኩ። ዋጥኩት።»

ብርቱካኑን ይዤ አለቀስኩ፤ ጭማቂው በክንዴ ወረደ። አባቴ መሐረብ ፈልገው ሲያጡ የሶፋውን ልብስ ጫፍ አቀበሉኝ።

«ታዲያ ለሽማግሌዎቹ ለምን እውነት አድርገው ነገሯቸው?» አልኩ አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

«ቃላቸውን አፍርሼ ምክንያት ሲጠይቁኝ ምን ልበል? ልጄ ዋሸችኝ ልበል?»

ይህን ብለው የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ አነሡ። የሰውዬው የመግቢያ ሙዚቃ ሞቅ ብሎ ተሰማ።

«አሁንም ያዩታል?»

«በይ ዝም በይ፣ ጀመረ።»

ሰውዬው ከሚወዛወዙት መጻሕፍቱ ፊት ተቀምጦ ሊቃውንት ስለሚያጠፏት አገር ያወራ ጀመር። አባቴ አንድም ቃል ሳይዘሉ ሰሙት፣ ሁለት ቦታ ላይም «ልክ ነው» አሉ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠርሙሱን ከመሳቢያው ሲያወጣ እሳቸው እጃቸውን ወደ ሳጥኗ ዘርግተው የማታ ክኒናቸውን ዋጡ።